የሞተር ሙቀት መውጫ በኮፈን ላይ፦ ላንድክሩዘር 70 ላይ የት ይቆረጣል፣ እንዴት ይገጠማል

የላንድክሩዘር 70 አፍንጫ ሰፊ ነው፤ አየር መግቢያ አያጣም። የሚያጣው መውጫ ነው። በግሪሉ የገባው አየር የኤሲውን ኮንደንሰርና ራዲያተሩን አልፎ ይሞቃል፣ በሞተሩ ዙሪያ ይጨናነቃል፣ ከዚያ የጋቢናውን ግድግዳ ይዞ በካምቢዮው ዙሪያ ወደ ታች መንገድ ይፈልጋል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ በኮፈኑ ሥር ግፊት ስለሚጠራቀም በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል። አሸዋ ላይ በፎር ሎው ሲጎተት ደግሞ ቬንትሌተሩ የገፋው ትኩስ አየር በራዲያተሩ ጎንና ሥር ዞሮ ወደ ፊት ይመለስና እንደገና ይሳባል። ኮፈን ላይ የሚከፈት መውጫ ለሁለቱም ይረዳል፤ ቦታው ትክክል ከሆነ።

የዚህ ጽሑፍ መለኪያዎች በ1ኤችዜድ ሞተር፣ ማለትም በ4.2 ሊትሩ ተርቦ አልባ ናፍጣ፣ ለሚሠሩት ሃርድቶፕና ፒካፕ የተሰጡ ናቸው። ከአፋር እስከ ኦሞ የሚመላለሰው አብዛኛው ላንድክሩዘር ይኸው ነው። ሌላ መኪና ላይ አሠራሩ አይለወጥም፤ ልኬቱን ግን ራስዎ ይውሰዱ። ባለ ቪ8 ተርቦ ናፍጣው ኮፈን ላይ ያለው ቀዳዳ ሥሩ ለተቀመጠው ኢንተርኩለር (ተርቦው የጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) አየር ማስገቢያ ስለሆነ እሱን አይንኩት፤ ዙሪያውን የሚያሽገውን ስፖንጅም አያበላሹ።

መጀመሪያ ያለውን በሽታ መለየት

በውኃ ሙቀት የሚሰቃይ መኪና ላይ ኮፈን መቅደድ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ መድኃኒት ነው። መውጫው በደንብ የሚቀንሰው ከኮፈን በታች ያለውን የአየር ሙቀት ነው፤ ባትሪው፣ የፍሬን ዘይቱ፣ የናፍጣ ቱቦዎቹ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ዲናሞው እፎይ ይላሉ። የራዲያተሩን ውኃ የሚያወርደው ግን በጥቂት ዲግሪ ነው። ስለዚህ መጋዝ ከማንሳትዎ በፊት የሚከተሉትን ይጨርሱ።

የራዲያተሩ ክዳን። ለደጋ ሰው ይህ ከሁሉም ይቀድማል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ሲይዝ የመፍያ ነጥቡን ወደ 114 ገደማ ይወስደዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ማለት ከ20 ዲግሪ በላይ መጠባበቂያ ያጣ መኪና ማለት ነው። ቆላ ወርዶ ደህና የነበረው መኪና ዳገት ላይ የሚፈላው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ቬንትሌተሩ ላይ ያለው በሲሊኮን ዘይት የሚሠራ ክላች። ሞተሩ ጠፍቶ ግን ሞቆ ሳለ ቬንትሌተሩን በእጅ ሲያዞሩት መክበድ አለበት። በነጻ ከተሽከረከረ ዘይቱ አልቋል። ቶዮታ ለዚህ የሚሸጠው የሲሊኮን ዘይት በትንሽ ቱቦ ይመጣል፤ ክላቹ ተፈትቶ ይሞላል። የቬንትሌተሩ ዙሪያ መከለያ ተሰብሮ ወይም ተፈቶ ከተጣለም ምንም ዓይነት መውጫ አይክሰውም።

የራዲያተሩ ክንፎች። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት በባትሪ መብራት ይዩት። ጭቃ፣ የሣር ዘርና የአንበጣ ክንፍ እዚያ ነው የሚጠራቀመው፤ ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ከኋላ ወደ ፊት በዝግታ በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። የመኪና እጥበት ቤቱ ኃይለኛ ውኃ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል።

የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱ ላይ ያለው የላሜራ ጋሻ። አንድ ቀን ለጥገና ተፈቶ ሳይመለስ የቀረባቸው መኪኖች ቁጥር ብዙ ነው። ጋሻውን መመለስ ከማናቸውም መውጫ ይረክሳል። ተርቦ በኋላ የተጨመረበት 1ኤችዜድ ከሆነ ተርቦውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ማልበስ ይቅደም።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሳለ ሙቀቱ ከቀጠለ፣ ወይም ዓላማዎ የሞተሩን ክፍል ማቀዝቀዝ ከሆነ፣ ወደ ኮፈኑ እንሂድ።

መነሻ ልኬት

ከመቁረጥ በፊት ያልተለካ ነገር ከተቆረጠ በኋላ አይታወቅም። ሽቦ ያለው የሙቀት መለኪያ፣ ማለትም ኬ ዓይነት ሽቦ የሚሰካበት መልቲሜትር፣ ይበቃል። የሽቦዎቹን ጫፍ በሦስት ቦታ ይሰሩ፦ ባትሪው ጎን፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው አጠገብ፣ ማኒፎልዱ ባለበት በኩል የጋቢናው ግድግዳ ላይ። ጫፉ ብረት አይንካ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አየር ላይ ይንጠልጠል። በሽጉጥ መልክ የሚያዘው የጨረር መለኪያ የአየር ሙቀት አይለካም፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ደግሞ ውሸት ይናገራል።

ክሩስኮት ላይ ያለውን የውኃ ሙቀት ቀስት አይመኑ። መሐል ላይ ከደረሰ በኋላ ሰፊ ርቀት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ሲነሣ ጊዜው አልፏል። በላይኛው የራዲያተር ጎማ ላይ የሚገባ ተጨማሪ መለኪያ ያስፈልጋል።

ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጭነት፣ ኤሲው በአንድ ሁኔታ ላይ ሆኖ ይለኩ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣው ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለ እረፍት ይወጣል፣ ሥሩ ቆላ ነው፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 0.9 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ዳሎል ላይ በ40 ዲግሪ እንኳ ከ1.1 ኪሎ ይበልጣል። ቬንትሌተሩ ደጋ ላይ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በክብደት ያነሰ ነው። ዳገቱን ከጨረሱ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው የ10 ደቂቃውን ንባብ ይጻፉ፤ ቆሞ የሚወጣው ሙቀት ከሚሄደው ይብሳልና።

የት ይቆረጥ?

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ኮፈኑን ከኋላ በኩል፣ መስታወቱ ሥር፣ በራንዴላ ከፍ ያደርገዋል ወይም እዚያው ይቀድዳል። ቆሞ ሲታይ ይሠራል፤ ትኩስ አየር ሲወጣ በዓይን ይታያል። ነገር ግን የላንድክሩዘር 70 መስታወት ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ መስታወቱ ሥር ተጋጭቶ ግፊት ይፈጥራል። ያን ጊዜ አየሩ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይገባና ከራዲያተሩ የሚመጣውን ይገፋዋል። ለጋቢናው ንጹሕ አየር የሚሳበውም ከዚያው ቦታ ነው፤ የናፍጣና የጭስ ሽታ ጋቢና ውስጥ ይገባል። ከመስታወቱ ሥር ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። ኮፈኑ የኋላ ጫፍ ላይ ያለውን የማሸጊያ ጎማም አያንሡ።

አነስተኛ ግፊት ያለው ኮፈኑ ከግሪሉ ታጥፎ ከሚጀምርበት ጀርባ ነው። በዚህ መኪና ላይ ከኮፈኑ የፊት ጠርዝ ከ20 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ባለው መሐል ይፈልጉ። ከቬንትሌተሩ ክንፍ ትክክል በላይ ግን አያድርጉት። ኩሬ ሲሻገሩ ክንፉ የሚረጨው ጭቃ በቀዳዳው ወጥቶ መስታወትዎን ያለብሰዋል። ከክንፉ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሁን።

በግምት ከመቁረጥ መለካት ይሻላል፤ መሣሪያው ርካሽ ነው። 4 ሚሊ ውስጠ ስፋት ያለው ሁለት ሜትር ተኩል ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ሁለት ይግዙ። ሌላ አጭር ቱቦ በጣውላ ላይ በዩ ቅርጽ አጥፈው በፕላስተር ይለጥፉ፣ ቀለም የገባበት ውኃ ግማሹ ድረስ ይሙሉ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ይለጥፉ። ከዩው አንዱ ክንድ የሚነሣው ቱቦ ኮፈን ሥር ይገባል፤ ጫፉ ቬንትሌተሩ እንዳይነፍስበት በስፖንጅ ይጠቅለል። ሁለተኛው ኮፈኑ ላይ ይተኛል፦ ጫፉን በማጣበቂያ ይድፈኑ፣ ከተደፈነው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወደ ላይ የሚያይ 1 ሚሊ ቀዳዳ ይብሱ፣ የተደፈነው ጫፍ ወደ ፊት እያየ ቱቦውን በርዝመት ይለጥፉ። ሁለቱም በመስኮት ገብተው ረዳትዎ ጭን ላይ ካለው ዩ ጋር ይገናኛሉ።

በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀጥ ባለና ነፋስ በሌለው መንገድ ይንዱ። ከኮፈኑ ላይ በሚመጣው ቱቦ በኩል ያለው ውኃ ከፍ ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ አየር መውጣት ይፈልጋል ማለት ነው። ዝቅ ካለ እዚያ የሚከፈት ቀዳዳ አየር ያስገባል። በዚህ ፍጥነት የነፋሱ ሙሉ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 30 ሚሊ ሜትር ውኃ ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 23 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ክፍልፋዩን ይጠብቁ። ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ይሞክሩና ልዩነቱ የሚበልጥበትን ይምረጡ። ከ3 ሚሊ በታች የሆነ ቦታ ላይ ኮፈን ማበላሸት አይገባም። ክር በፕላስተር ለጥፎ በስልክ መቅረጽም ይቻላል፤ ክሩ ግን የአየሩን አቅጣጫ እንጂ ግፊቱን አይነግርዎትም።

መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን አሸዋና ድንጋይ ላይ በእግር ፍጥነት የሚያሳልፍ ከሆነ ስሌቱ ትንሽ ይለያል። በዝግታ ጊዜ የሚሠራው የነፋሱ ግፊት ሳይሆን ትኩስ አየር ወደ ላይ የመነሣት ጠባዩ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና መውጫውን ወደ ማኒፎልዱ ጎን ማስጠጋት ያዋጣል፤ የ40 ሳንቲ ሜትሩ ወሰን ግን እንዳለ ነው።

ምን ያህል ስፋት፣ ምን ዓይነት ዕቃ

ሁለት ሰሌዳ፣ ማለትም ቀዳዳው ላይ የሚገጠም ባለ ቅጠል ላሜራ፣ እያንዳንዱ 24 በ34 ሳንቲ ሜትር፣ ቀዳዳው 20 በ30። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ርዝመታቸው 20 ሳንቲ ሜትር፣ አፋቸው 1 ሳንቲ ሜትር የተከፈተ 8 ቅጠሎች ቢኖሩ፣ የአንዱ ክፍት ስፋት 160፣ የሁለቱ 320 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ወንፊት ከሥር ከተጨመረ ከዚህ ላይ ሲሶ ያህል ይቀንሱ። የቅጠሎቹ አፍ ወደ ኋላ፣ ወደ መስታወቱ ማየት አለበት። ወደ ፊት የሚያይ አፍ ዝናብና አቧራ ይሰበስባል።

ሰሌዳው ከ1.5 ሚሊ አሉሚኒየም ወይም ከ1 ሚሊ ብረት ላሜራ ይታጠፋል። በጥሩ ባትላሜራ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ዝግጁውን ከውጭ ያስመጡ ሰዎች ደግሞ የሰሌዳው ጠርዝ ለኮፈኑ ቅርጽ ጠፍጣፋ መሆኑን ይዩ። ላዩ ጥቁርና የማያብረቀርቅ ይቀባ፤ ያለዚያ የቀትር ፀሐይ ዓይንዎ ላይ ይመለሳል።

ሌላ የሚያስፈልገው፦ 5 በ16 ሚሊ የማይዝግ ብሎን 44፣ ለየብሎኑ ሰፊ ራንዴላና የሚቆልፍ ዳዶ፣ 1.5 ሚሊ የጎማ ምንጣፍ ግማሽ ሜትር ካሬ፣ የናይሎን ራንዴላ፣ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ አንድ ቱቦ፣ ኢፖክሲ አንቲረስት ግማሽ ሊትር፣ የኮፈኑ ቀለም። ከመሣሪያ ጂግሶ በአንድ ኢንች ከ24 ጥርስ ያላነሰ የብረት ምላጭ ያለው፣ ትራፓኖ፣ 3፣ 5.5 እና 10 ሚሊ ፑንታ፣ ግማሽ ክብና ጠፍጣፋ ሊማ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ካርቶን።

የሚቆለፈው ዳዶ ውስጡ ናይሎን ያለው ዓይነት በ120 ዲግሪ አካባቢ መያዙን ያጣል። ከማኒፎልዱ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን ይጠቀሙ። ሪቬት ከመረጡ 4.8 በ10 ይበቃል፤ ነገር ግን ሰሌዳው አንድ ቀን መነሣቱ ስለማይቀር ብሎን ይሻላል።

ምልክት ማድረግ

ኮፈኑን ከፍተው ሥሩን ይመልከቱ። ከውጭ አንድ ላሜራ የሚመስለው ኮፈን ከሥሩ በማጠናከሪያ አጥንት ተደግፏል። አጥንቱ አይቆረጥም። የተቆረጠ እንደሆነ ኮፈኑ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መርገብገብ ይጀምራል፤ በግጭት ጊዜም መታጠፍ በሚገባው ቦታ አይታጠፍም። የመዝጊያው ቁልፍ ዙሪያ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ማጠፊያዎቹ ዙሪያም እንዲሁ አይነካም። የሙቀት ምንጣፍ ካለው ተፈትቶ ይቀመጥ፤ በኋላ ለቀዳዳው ይቆረጥና ጠርዙ በአሉሚኒየም ፕላስተር ይሸፈናል። ያልተሸፈነ ጠርዝ እየተበጣጠሰ ቬንትሌተሩ ውስጥ ይገባል።

የሰሌዳውን የውስጥ ጠርዝና ሞተሩን የሚለየው ክፍተት ከ25 ሚሊ ማነስ የለበትም፤ ሞተሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ ስለሚናወጥ። ይህን ለማወቅ ጠንከር ያለ ሊጥ በእንቁላል መጠን አድቦልቡለው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ሞተሩ ከፍ ያለበት ቦታ ሁሉ ላይ ያስቀምጡ፤ ኮፈኑን ቀስ ብለው ይዝጉና ይክፈቱ። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ክፍተትዎ ነው።

ከመዝጊያው መሐል እስከ ኮፈኑ የኋላ ጠርዝ መሐል ክር ይወጥሩ፤ ሁለቱ ሰሌዳዎች ከዚህ ክር እኩል ይራቁ። የኮፈኑን ጎን መነሻ አያድርጉ፤ አንዴ የተጋጨ ኮፈን ከሆነ ጎኖቹ እኩል አይደሉም። ካርቶኑን በቀዳዳው ልክ ቆርጠው ከሥር፣ በአጥንቶቹ መካከል ያስተካክሉትና አራቱን ማዕዘን በ3 ሚሊ ፑንታ ከሥር ወደ ላይ ይብሱ። ከዚያ ከላይ በፕላስተር ሸፍነው ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ያገናኙ። አሁን ጥቂት ሜትር ርቀው ይዩት። ጠማማ መስሎ ከታየዎት ጠማማ ነው፤ በዚህ ደረጃ ጥፋቱ አራት ትናንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው።

መቁረጥ

ኮፈኑ ይውረድ። መኪናው ላይ እንዳለ የተቆረጠ ኮፈን የብረት ብናኙን ዲናሞ ውስጥ ያዘንባል። የማጠፊያዎቹን ዙሪያ በማርከር ያስምሩ፣ የውኃ መርጫ ቱቦ ካለው ይንቀሉ፣ አንድ ሰው በየጎኑ ይዞ በየማጠፊያው ያሉትን ብሎኖች በ12 ቁልፍ ይፍቱ። አሮጌ ፍራሽ ላይ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ።

የመቁረጫውን መስመር ከእውነተኛው መስመር 3 ሚሊ ወደ ውስጥ ያስምሩ። አራቱ ማዕዘን ላይ 10 ሚሊ ቀዳዳ ይብሱ፤ የቀዳዳው ጠርዝ መስመሩን ይንካ እንጂ አይለፍ። ክብ ማዕዘን የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ኮሮኮንች መንገድ ላይ ስል ማዕዘን ከተሰነጠቀ ስንጥቁ አጥንቱ ድረስ ይሄዳል። የጂግሶውን እግር በፕላስተር ይሸፍኑ፣ ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ፣ አይግፉት። ረጅሙን ጎን ሲጨርሱ የተቆረጠውን ቁራጭ በፕላስተር ከኮፈኑ ጋር ይያዙት፤ ያለዚያ መጨረሻው ላይ ተንጠልጥሎ ጠርዙን ያጣምማል።

በሞላ (በግራይንደር) ዲስክ መቁረጥ ፈጣን ነው። የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው፦ ቀጭኑ ላሜራ ይሞቅና ይጣመማል፣ ዙሪያው ያለው ቀለም ይቃጠላል፣ ፍንጣሪው ቀለም ውስጥ ተሰክቶ በሳምንቱ እንደ ኩፍኝ ይዝጋል፤ መስታወት አጠገብ ከሆነ መስታወቱንም ይጎዳዋል። ጂግሶ ከሌለ በላሜራ መቀስ ይቁረጡ፤ እጅ ይደክማል እንጂ ኮፈን አይበላሽም።

ቀሪውን 3 ሚሊ በሊማ ይድረሱ። ጠርዙ ላይ ጣት ሲያልፍ ምንም መያዝ የለበትም።

ዝገትን መዝጋት፣ ከዚያ መግጠም

ዳናኪል ወርዶ የአሳሌ ሐይቅን ጨው የረገጠ መኪና ባልተቀባ ጠርዝ ላይ የሚደርሰውን ያውቃል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሁለቱም ገጽ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያሹ፣ በቲነር ያጽዱ፣ ሁለት እጅ ኢፖክሲ አንቲረስት ይቀቡ፣ ሌሊቱን ያሳድሩት፣ ከዚያ ቀለሙን ይጨምሩ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከመቀባቱ በፊት መበሳት አለባቸው። ቀለም ደርቆ ከተበሳ ውስጡ ራቁቱን ይቀራል።

ቀዳዳዎቹ 5.5 ሚሊ፣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከሰሌዳው ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ይሁኑ፤ በአንድ ሰሌዳ 22 ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ማዕዘን ተበስቶ ብሎኑ ይገባል፣ ከዚያ በሰያፍ ያለው ማዕዘን፣ ከዚያ የቀሩት ሁለቱ፣ በመጨረሻ መሐሎቹ። በአንድ በኩል ጀምሮ በተርታ የሚበሳ ሰው መጨረሻው ላይ ሰሌዳው 2 ሚሊ ተንሸራቶ ያገኘዋል።

አሉሚኒየምና ብረት ጨው ባለበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። የጎማው ምንጣፍ በሰሌዳው ቅርጽ ተቆርጦ መሐላቸው ይግባ፣ ከብሎኑ ራስ ሥር የናይሎን ራንዴላ ይሁን። በጎማው ዙሪያ ቀጭን የፖሊዩሬቴን መስመር ያስምሩ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲሊኮን እዚህ አይገባም፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረቱን ከሥር ያዝገዋል። ብሎኖቹን በሰያፍ እየቀያየሩ፣ ጎማው ትንሽ እስኪጨመቅ ድረስ ብቻ ያጥብቁ። ጎማው በጎን ከወጣ አልፏል።

ኮፈኑ በማርከሩ ምልክት ልክ ይመለስ። የመጀመሪያውን መዝጋት በእጅ ቀስ ብለው ያድርጉት፤ ሁለተኛው የደኅንነት መንጠቆ መያዙን ይፈትሹ። ክብደቱ ስለተለወጠ የመዝጊያው ቁመት መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

ዝናብ፣ አቧራና ጥልቅ ውኃ

1ኤችዜድ በኤሌክትሮኒክስ ያልተጨናነቀ ስለሆነ የዝናብ ጠብታ አይገድለውም። ቢሆንም ዲናሞው፣ የባትሪው ጫፍና የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሽቦ ከቀዳዳው ሥር በቀጥታ መቆም የለባቸውም። ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ከሆነ ከእሳት ማከፋፈያው በላይ የሚከፈት ቀዳዳ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

መፍትሔው የውኃ መያዣ ነው። ከ1 ሚሊ አሉሚኒየም ጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ የታጠፈ ትሪ ይሥሩና ከሰሌዳው ሥር በአራት እግር ይንጠልጠል። ክፍተቱ 25 ሚሊ ይሁን። የቀዳዳው ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ2.5 ሲባዛ 250 ሳንቲ ሜትር ካሬ የጎን መተንፈሻ ይሰጣል፣ ከቅጠሎቹ 160 ስለሚበልጥ አያንቅም። ክፍተቱን 15 ሚሊ ካደረጉት ግን 150 ይሆንና መውጫውን ራሱ ትሪው ይዘጋዋል። ትሪው ወደ ጎን ትንሽ ያዘንብል፣ ዝቅ ባለው ጫፍ 12 ሚሊ ቱቦ ገብቶ ውኃውን በመከላከያው ውስጠኛ ገጽ በኩል መሬት ያድርሰው። ትሪ ሲጨመር ከሞተሩ የሚጠበቀው 25 ሚሊ ከትሪው ሥር ይቆጠራል፤ ሊጡን እንደገና ያውጡ።

ለሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም መኪናው ደጅ ለሚያድርበት ጊዜ፣ ከሥር በአራት የጆሮ ዳዶ የሚታሰር መዝጊያ ላሜራ ይሠራ። ደጋ ላይ ማለዳ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅም ይረዳል። ወንዝ ከመሻገር በፊት ይህ መዝጊያ ይታሰር፤ ሞገዱ ኮፈን ላይ ከወጣ በቀዳዳው የሚገባው ውኃ በትሪ የሚመለስ አይደለም። አየር የሚስበው በስኖርክል (ከፍ ብሎ በሚቆም የአየር መሳቢያ ቱቦ) ያልሆነ መኪና ደግሞ መጀመሪያውኑ እዚያ ውኃ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጨው ሜዳ ከወረዱ በዚያው ቀን ትሪውንና ቅጠሎቹን በንጹሕ ውኃ ያጥቡ።

ከተገጠመ በኋላ

100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይፈተሹ፤ ጎማው ስለሚረግብ ጥቂቶቹ ላልተው ይገኛሉ። ከዚያ የመጀመሪያው ልኬት በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት ይደገም። ትልቁን ለውጥ የሚያዩት ማኒፎልዱ ጎን ባለው ሽቦ ላይና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባለው የ10 ደቂቃ ንባብ ላይ ነው። የውኃው ሙቀት ጨርሶ ካልተነቃነቀ አይደንግጡ፤ ቴርሞስታቱ ሥራውን እየሠራ ነው። በፍጥነት ጊዜ ከበፊቱ ከፍ ካለ ግን አየር በቀዳዳው እየገባ ነው፤ ክር ለጥፈው ወደ ውስጥ መሳብ አለመሳቡን ይዩ፣ የቀዳዳውን መዝጊያ ላሜራ አስረው በዚያው መንገድ ደግመው ያወዳድሩ።

በ90 ኪሎ ሜትር ኮፈኑ መሐሉ ከተርገበገበ ማጠናከሪያ ተነክቷል ወይም ሰሌዳው ከመሐል መስመር ርቋል፤ በሰሌዳው የውስጥ ጠርዝ 20 በ3 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት በብሎን ይታሰር። እንደ ንብ የሚጮኽ ድምፅ ከተሰማ ከቅጠሎቹ አንዱ ቀጭን ነው ወይም የትሪው እግር ላልቷል። ጋቢና ውስጥ የናፍጣ ሽታ ከገባ መጀመሪያ የኮፈኑን የኋላ ጎማ፣ ቀጥሎ የናፍጣ ቱቦዎቹን መያዣ ይዩ፤ ቀድሞም የነበረ ፍሳሽ አሁን መንገድ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። መኪናው ቆሞ ሳለ መስታወቱ ፊት አየሩ እንደ ውኃ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይህ ከቀዳዳው የሚወጣው ሙቀት ነው፤ መንዳት ሲጀምሩ ይጠፋል። መስታወቱ ላይ የዘይት ጭጋግ ከተገኘ ግን ከመውጫው ጋር አይያያዝም፤ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ይፈትሹ።

ኮፈን መቁረጥ በመኪናው አካል ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። የቦሎ ምርመራ ጊዜ ጥያቄ እንዳይነሣ ከመቁረጥዎ በፊት መርማሪዎቹን ይጠይቁ፤ የተነሣውን የኮፈን ቁራጭም አይጣሉት፤ ሰሌዳውን አንሥቶ ኮፈኑን ማስመለስ ካስፈለገ ባትላሜራው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።